ሰማያዊውን የሚሸኙት ሹፌር

ስሙን ያወጣችላት ቲኬት ቆራጯ ናት። አንድ ቀን ጠዋት ተማሪዎች በሩ ላይ ተሰልፈው ሲያጉረመርሙ፣ "ቆዩ እስቲ፣ ሰማይ ከፋቿ ገና አልመጣችም" አለች፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲያ መጠሪያዋ እሱ ሆኖ ቀረ። ስሙ ደግሞ ቀልድ ብቻ አይደለም። ሴትዮዋ እውነትም ሰማይ ትከፍታለች። በሳይንስ ቤቱ ታችኛው ወለል ላይ ጣሪያው ጉልላት የሆነ ክብ አዳራሽ አለ፤ መብራቱ ጠፍቶ መሀል ላይ ያለው ፕሮጀክተር ሲበራ ጉልላቱ ከዳር እስከ ዳር ኮከብ ይሞላል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ውጭ ፀሐይ አናት እየበሳ፣ እዚያ ውስጥ ሌሊት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስታደርግ ኖራ፣ እስከ ዛሬ መብራቱ በጠፋ ቁጥር ትንፋሿ ቀጥ ይላል። "ይለመዳል እንዴ?" ትላለች ሰው ሲጠይቃት፤ የጠየቃት ሰው ነው የሚያፍረው።

ትምህርቷ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጥገና ነው። ስትቀጠር ሰማዩን የሚሠራው ወንፊት የመሰለ ትልቅ የብረት ኳስ ነበር፤ ውስጡ አምፖል፣ ላዩ ሺህ ቀዳዳ። ከስድስት ዓመት በፊት ኳሱ ሲያረጅ በኮምፒውተር ተተካ፣ ኮምፒውተሩም ሊኑክስ በሚባል፣ በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች በገነቡት ሥርዓት የሚሠራ ሆነ። የገጠመው ባለሙያ ሁለት ሳምንት አሳይቷት ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ ስልኩም ከዚያ ወዲህ አይነሳም። ምን ታድርግ? ሠላሳ አምስት ዓመቷ ላይ እንደ አዲስ ተማሪ ሆነች። ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር ገዝታ የመጀመሪያው ገጽ ላይ "ከመንካትሽ በፊት ጻፊ" ብላ ለራሷ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ትእዛዝ ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በእስክሪብቶ ደብተሩ ላይ ይገባል፤ ማሽኑ የመለሰውም ከሥሩ ይጻፋል። አሁን አራተኛው ደብተር ላይ ናት። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚባለው እሷ ዘንድ ተረት ሳይሆን የሥራ ደንብ ነው።

አባቷ ሠላሳ ስምንት ዓመት ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ "ጋሽ ሹፌር" ይላቸዋል። ግላኮማ የሚሉት የዓይን ግፊት ከዳር ጀምሮ እየበላ እየበላ መጥቶ፣ አሁን ዓለምን የሚያዩት በቧንቧ ቀዳዳ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው ነው፤ ቀጥታ ፊታቸው ያለውን ትንሽ ክብ፣ እሱንም በደብዛዛው። እናቷ ካረፉ በኋላ ቤት ብቻቸውን ሲውሉ፣ አንድ ቀን ምድጃ ላይ ጥደው ረስተው ኩሽናው በጭስ ታፈነ። በማግስቱ እጃቸውን ይዛ ሥራ ቦታ አመጣቻቸው። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን አየ፣ ሁለተኛም ቀን አየ፤ በሦስተኛው ቀን "ለጋሽ ሹፌር የሚመች ወንበር ፈልጉላቸው" አለ። ይኸው ሦስት ዓመት፣ ከአዳራሹ በላይ ባለችው መቆጣጠሪያ ክፍል፣ ኮምፒውተሩ ፊት ይውላሉ።

ሹፌር ግን ዝም ብሎ ተሳፋሪ መሆን አይወድም። "ሥራ ስጪኝ" እያሉ ነዘነዟት። ሥራው የመጣው ከአንዲት ሳንቲም ከምታክል ባትሪ ነው። ኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓት የሚያስታውሰው በሷ ነው፤ ባትሪዋ ስትሞት፣ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር "ቀኑ ጠፍቶብኛል፣ ልቀጥል ወይ?" እያለ ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ ይቆም ጀመር። ሰማይ ከፋቿ ደግሞ በዚያች ደቂቃ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ መሆን አትችልም፤ ማሽኑ ሲነሳ ፕሮጀክተሩ በርቶ ካልጠበቀው አያውቀውምና ሃያ ሁለት ደረጃ ወርዳ እሱን ታበራለች። ስለዚህ የአባቷን ጣት ይዛ ኢንተር ላይ አስቀመጠችና "አባዬ፣ ሰማያዊ ሲመጣ ይህን ትልቁን ቁልፍ ምታው፤ እስኪጠፋ ድረስ" አለቻቸው። ስክሪኑ ሙሉ ሰማያዊ ሲሆን ይታያቸዋል። ባለ ሥራ ሆኑ። በየጠዋቱ በውስጥ ስልክ "ሰማያዊ መጣ?" ትላለች፤ "መጣ፣ ሸኘሁት" ይላሉ፣ ድምፃቸው ኮራ ብሎ።

ባትሪዋን መቀየር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። አዲሷ እንደታሸገች መሳቢያዋ ውስጥ ተቀምጣለች። ሰማይ ከፋቿ አልቀየረቻትም፤ ለምን እንደሆነ የጠየቃትም ሰው የለም።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ሐኪሙ ለሐሙስ የቀጠራቸው ሳምንት ነው። ሐኪሙ አላድበሰበሰም፤ "ካልተነካ በጥቂት ወር ውስጥ ይጠፋል። ኦፕራሲዮን ከተደረገ ያለው ሊተርፍ ይችላል፤ እዚያው ሊጠፋም ይችላል" አለ። ከክሊኒኩ ሲወጡ አባቷ ክንዷን ጨበጥ አድርገው፣ "ከመግባቴ በፊት ሰማይሽን አንድ ጊዜ አሳዪኝ" አሏት። ከዚህ በፊት አሳይታቸው ነበር፤ አሳየች ከተባለ። ኮከቦቹ ለሳቸው ዓይን ብናኝ ሆነውባቸው፣ ፊታቸውን ወደ መውጫው በር አዙረው "ያምራል፣ ያምራል" ሲሉ አይታቸዋለች። ያን ቀን አንጀቷን በሏት።

ሰማይ ሲባል እሳቸው የሚያውቁት አንድ ሌሊት ነው። በረሃ መሀል የመኪናው አክሰል ተሰብሮ፣ በጫኑት ሲሚንቶ ላይ ተንጋለው ያደሩበት። ሕፃን ሆና ስንት ጊዜ አውርተውላታል፤ "አቤት ያ ሰማይ" ብለው ይጀምሩና ቃል ያጥራቸዋል፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት መንገድ ላይ የኖረ ወሬኛ ሰው ቃል ሲያጥረው እሷ ያየችው በዚህ ነገር ብቻ ነው። ጠዋት ሌላ መኪና አሳፍሯቸው ከተማ ገብተው ቤት ሲደውሉ ሴት ልጅ ተወልዳ ነበር። ያቺ ልጅ ይህችው ሰማይ ከፋች ናት።

የኮከብ ፕሮግራሙ አዲሱ እትም ኮከቦቹን እንደልብ ማወፈር ይችላል ሲባል ሰማች። አራት እጥፍ ባወፍራቸው ለአባዬ ይታዩታል ብላ ልቧ ዘለለ። ቅዳሜ ሥራ ሲያበቃ ልታድሰው ተቀመጠች። ፕሮግራሙን ብቻ ማደስ ሲበቃ፣ "ሁሉንም አድስ" የሚለውን ነካች፤ ደብተሩ ላይ ሳትጽፍ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ብትቸኩል ያችው ቀን ጠብቃ ያዘቻት። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች የምትታረድበትን ካራ።

ሰኞ ጠዋት መብራቱ ሲጠፋ ጉልላቱ ላይ የወጣው ነገር ሰማይ አይባልም። ኮከቦቹ ጠርዝ ያላቸው ትናንሽ ካሬዎች ሆነዋል፤ ሰማዩ ሲዞር እንደ አነካሽ ሰው አንዴ ይራመዳል አንዴ ይቆማል። ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ አስኳሉ፣ ታድሷል፤ የድሮው የግራፊክስ ድራይቨር ተነቅሎ ሄዷል። ድራይቨር ማለት የሥዕል ካርዱን የሚነዳው ፕሮግራም ነው። እሱ ከሌለ ያ ሁሉ ውድ ካርድ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ ማሽኑም ሰማይን የሚያክል ነገር በባዶ እጁ ልሳል ይላል።

ይህንን ለአባቷ ስታስረዳ ሳቁባት። "ሹፌር ጠፋብን ነው የምትዪው? እኔ ቁጭ ብዬ!"

ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ጉልላቱን አየና ራሱን ነቀነቀ። "እህቴ፣ እስከ ረቡዕ ካልሆነልሽ የውጭ ባለሙያ እጠራለሁ። ማሽኑን ወስደው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያቆዩታል።" ክፉ ሰው አይደለም፤ ያስመዘገቡ ትምህርት ቤቶች አሉበት። እሷ ግን የሰማችው ሐሙስን ብቻ ነው።

አዲሱን ድራይቨር ጫነች። ይህ እንደ ድሮው ማኅተሙን፣ ማለትም እውነተኛነቱን የሚያረጋግጥለትን ዲጂታል ፊርማ፣ ይዞ የመጣ አይደለም፤ እዚያው ማሽኑ ላይ የሚገነባ፣ ማኅተሙም እዚያው የሚቀረጽ ነው። ማሽኑ ደግሞ ሲነሳ የማያውቀውን ማኅተም አያስገባም። ኢንተርኔት ላይ ፍተሻውን አጥፊው የሚሉ ነበሩ፤ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ አይፈቅድም። መጫኛው ለአንድ ጊዜ የሚሆን የይለፍ ቁጥር አስመርጧት፣ "ማሽኑ ሲነሳ ትጠየቂያለሽ፤ ይህንኑ ስጪ" የሚል ነገር አለ። ጻፈችው። ወርዳ ፕሮጀክተሩን አበራች፣ ደውላ "አባዬ፣ አስነሳው" አለች፤ ከዚያም ጥያቄው ማሽኑ ተነስቶ ሲያበቃ ጉልላቱ ላይ የሚወጣ መስሏት አንገቷን ቀና አድርጋ ጠበቀች። ጥያቄ አልመጣም። የመጣው ያው ካሬ ኮከብ ነው።

"ሰማያዊ መጣ?" አለች በስልክ።

"መጣ፣ ሸኘሁት።"

ሎጉን፣ ማሽኑ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ስታነበው "ማኅተሙ ተቀባይነት አላገኘም" ይላል። ነቀለች፣ መልሳ ጫነች፣ ወረደች፣ ቀና ብላ ጠበቀች። በድሮው ከርነል ላስነሳው አለች፤ የድሮው ድራይቨር የለምና ያም አልሆነም። ማክሰኞ ደግሞ ሁለት ጊዜ። ደብተሩ አሥራ አንድ ገጽ ፈጀ፤ ከእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ያችው "ተቀባይነት አላገኘም"። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው፣ ግን ላሟ የት እንደዋለች ማን ይንገራት?

ያም ሆኖ አንድ ነገር አለ፤ ስለዚች ሴት ሲወራ ሊቀር የማይገባ። ድራይቨሩ ሲገነባ ስክሪኑ ላይ መስመር ከመስመር እየተከታተለ ይወርዳል፣ አያልቅም። ሌላ ሰው ያኔ ተነስቶ ሻይ ይጠጣል። እሷ ቁጭ ብላ ታያለች። እያንዳንዷን መስመር አንድ የሆነ ሰው፣ በሆነ አገር፣ በሆነ ጠረጴዛ ላይ አስቦ ጽፏታል። ችግሯን ስትፈልግ ያገኘችው ምክርም እንዲሁ ነው፤ ስሙን የማታውቀው፣ በፎቶ ቦታ ድመት የለጠፈ ሰው፣ ከስድስት ዓመት በፊት ለማያውቀው ሰው ደረጃ በደረጃ አስረድቶ፣ መጨረሻ ላይ "አይዞህ፣ ሁላችንም እዚህ ቆመን ነበር" ብሎ ሄዷል። ምስጋና የጻፈለት ሰው የለም። "አባዬ፣ ይሄን ሁሉ ሰው ማን አሰባሰበው?" አለች ማክሰኞ ከሰዓት፣ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሀል። ደንቋት፣ እውነት ደንቋት ነው የምትጠይቀው።

"መንገድ እንደዚያው ነው" አሉ አባቷ። "ጎማህ ሲፈነዳ የማታውቀው ሰው ነው የሚቆምልህ።"

ረቡዕ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ልትሞክር ደረጃው አፍ ላይ ስትደርስ አባቷ ከኋላዋ ማውራታቸውን አላቆሙም። ሐሙስን ሲፈሩ ወሬ ያበዛሉ።

"እኔ የምልሽ" አሉ፣ "ይሄ የሰሞኑ ሰማያዊ እልኸኛ ሆኗል።"

"ምን ሆኗል?"

"ድሮ አንዴ ስመታው ነበር የሚሄደው። ከሰኞ ወዲህ አንዱን ስሸኘው ሌላ ይመጣል። ያኛው ደግሞ እንደ ፊተኛው ደማቅ ሰማያዊ አይደለም፣ ጠቆር ያለ ነው። ሁለት ጊዜ ካልመታሁት አይሄድም። ግን ማንን ሊያሸንፍ፤ ሸኘሁት።"

ሰማይ ከፋቿ እግሯ ደረጃው ላይ ቀረ። ሁለት ሰማያዊ። አንዱ የባትሪው። ሁለተኛውስ? እሷ ታች አንገቷን ሰብራ ጉልላቱን ስትጠብቅ፣ ጥያቄው ሁለት ቀን ሙሉ እዚህ፣ በትንሿ ስክሪን ላይ፣ አባቷ ፊት ሲመጣ ኖሯል። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ። የመጀመሪያው ምት ዝርዝሩን ያወጣል፤ ሁለተኛው ምት የዝርዝሩን አንደኛ መስመር ይመርጣል፤ አንደኛው መስመር ደግሞ "ዝም ብለህ ቀጥል" ነው። አንዴ ከታለፈ ማሽኑ ሁለተኛ አይጠይቅም። አባቷ በታማኝነት፣ አንድም ቀን ሳያጓድሉ፣ ሰማዩን ከበሩ ሲመልሱት ሰንብተዋል።

ትሳቅ ወይስ ታልቅስ? ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። አባቷ ዝምታዋን ሰሙ፤ ሹፌር የሞተር ድምፅ ሲለወጥ ያውቃል።

"እኔ ነኝ እንዴ ያበላሸሁት?" አሉ ቀስ ብለው።

ልትዋሽ አፏን ከፈተች፤ ተወችው። "ያስተማርኩህ እኔ ነኝ አባዬ። እስኪጠፋ ምታው ያልኩህ እኔ ነኝ። ሁለት ዓይነት ሰማያዊ መኖሩን ያየኸው ግን አንተ ነህ። እኔ በዚህ ሁለት ሙሉ ዓይኔ አላየሁትም።"

እጃቸውን ከቁልፉ አነሱ። "እንግዲያው አንቺ ምቺው። እኔ ልነሳ።"

"አትነሳም" አለች፣ ድምፅዋ ጠንከር ብሎ። "ሥራው የአንተ ነው። ትንሽ ነው የሚለወጠው።"

ማኅተሙን እንደገና አስጠየቀች። የይለፍ ቁጥሩ ስምንት አሃዝ ይሁን ይላል። ትንሽ አሰበችና "የመኪናህ ታርጋ ስንት ነበር?" አለች። ሳያስቡ ነገሯት፤ አራት አሃዝ። "የተሳቢውስ?" አራት አሃዝ። ደብተሩ ላይ ጻፈቻቸው። ወርዳ ፕሮጀክተሩን አበራች፤ በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ግን እዚያ አልጠበቀችም። እየሮጠች ሃያ ሁለቱን ደረጃ ወጣች፣ ከወንበራቸው ኋላ ቆመች።

"አስነሳው።"

የመጀመሪያው ሰማያዊ መጣ፤ ሸኙት። ሁለተኛው መጣ። እውነትም ጠቆር ይላል። "አሁን አንዴ ትልቁን። አዎ። ቁም። አሁን ወደ ታች የሚያሳየው ቀስት፣ እዚህች፤ አንዴ ብቻ። ከዚያ ትልቁን።" ሌላ ገጽ መጣ፤ እንደገና ወደ ታች፣ ትልቁን። ሌላ ገጽ፤ እንደገና። አባቷ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንደሚይዝ ሰው በጥንቃቄ ይጫናሉ። ከዚያ የይለፍ ቁጥር የሚጠይቅ ባዶ ሳጥን።

"ታርጋህን" አለች።

በቀኝ በኩል ያሉትን ቁጥሮች በጣታቸው ዳበሱ፤ መሀል ያለችው አምስት ላይ እብጠት አለች፣ ከሷ ተነስተው ሌሎቹን አገኙ። መኪናውን፣ ከዚያ ተሳቢውን።

"ስጽፍ ምንም አይታይም?"

"አይታይም። ለደኅንነት ብሎ ይደብቀዋል።"

"እንግዲያው ዛሬ ከማንም እኩል ነኝ" አሉና ትልቁን ቁልፍ መቱት።

ማሽኑ ጠፍቶ ተነሳ፤ የባትሪውን ሰማያዊ እንደ ልማዳቸው ሸኙት። ሎጉን ከፈተች፤ "ድራይቨሩ ገብቷል" የሚል አንድ መስመር፣ ሌላ ምንም። ደብተሩ ላይ ጻፈችው።

ለሥራ አስኪያጁ ከመንገሯ በፊት አባቷን ይዛ ወረደች። መሀለኛው ወንበር ላይ፣ ወደ ኋላ በሚንጋለለው፣ አስቀመጠቻቸው። ፕሮግራሙ ቦታና ቀን ይጠይቃል። ቦታውን ያ በረሃ አደረገችው። ቀኑን የተወለደችበት ቀን፣ ሰዓቱን እኩለ ሌሊት። ኮከቦቹን አራት እጥፍ አወፈረችና መብራቱን አጠፋች።

ትንፋሿ ቀጥ አለ፤ ይህ የተለመደው ነው። ሰማዩ ሙሉ ነበር። ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ያ ወተት የመሰለው የኮከብ መንገድ ተዘርግቶ፣ አንዳች ሳይንገዳገድ፣ በዝግታ ይዞራል። ቀና ብላ ልታየው ፈለገችና አልቻለችም፤ የምታየው አባቷን ነው። አባቷ ከአንዱ ዳር ጀምረው አንገታቸውን እያዞሩ፣ በዚያች በቧንቧ ቀዳዳ፣ ሰማዩን ቁራጭ በቁራጭ ይሰበስቡታል፤ ትንሽ ይዞራሉ፣ ይቆማሉ፣ ትንሽ ይዞራሉ። "ያምራል" አላሉም።

"ሦስቱ" አሉ በመጨረሻ፣ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው። "በሰልፍ የቆሙት። ከተሳቢው ጫፍ በላይ ነበሩ።" ጣታቸው በትክክል ሦስቱ ላይ ነው። "ያኔ ግን እንዲህ ወፍራም አልነበሩም።"

"ለአንተ ብዬ አብልቻቸው ነው።"

ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ሄደ። "የዚያን ሌሊት" አሉ፣ "የከፋኝ አክሰሉ አልነበረም። ይሄን ሁሉ አየሁ፤ 'አየኸው?' ብዬ የምጠይቀው ሰው አጠገቤ አልነበረም። ይሄ ሁሉ ነገር ለኔ ለአንዱ ሹፌር ብቻ ሲባክን ብዬ አለቀስኩ። አንቺ እየመጣሽ ነበር ለካ።" እጃቸውን በጨለማው ውስጥ ዘረጉ፤ ያዘችው። "አየሽው?"

"አየሁት አባዬ" አለች፣ ያን ጊዜ ቀና ብላ።

ሐሙስ ገቡ። ሐኪሙ የሚችለውን አደረገ። ፋሻው ሲፈታ ግራ ዓይናቸው ጨለማ ነበር፤ ቀኙ ብርሃን መኖር አለመኖሩን ብቻ ይለያል፣ ሰማያዊን ከነጭ አይለይም። ቤት ሲገቡ አንድ ቀን ሙሉ አልጋቸው ላይ ዋሉ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ጫማቸውን አድርገው በሩ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

ማሽኑ ቀኑ ሲጠፋበት ሰማያዊ ብቻ አያወጣም፤ አንዴ ጢጥ ይላል። ድሮም ይል ነበር፣ ልብ ያለው ሰው አልነበረም እንጂ። አሁን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሲሆን ሰማይ ከፋቿ ታች ፕሮጀክተሩ አጠገብ ቆማ የውስጥ ስልኩን ታነሳለች፤ ተማሪዎቹ በር ላይ ተሰልፈው ያጉረመርማሉ።

"መጣ?" ትላለች።

"መጣ፣ ሸኘሁት" ይላሉ ጋሽ ሹፌር።

አዲሷ ባትሪ እስከ ዛሬ እንደታሸገች መሳቢያው ውስጥ አለች።